በር ላይ የምትጠፋው ደቂቃ፦ ዳማምና ኾባር ለ2027ቱ የእስያ ዋንጫ ሲዘጋጁ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2027 ተጀምሮ ፌብሩዋሪ 5 ቀን የሚጠናቀቀው የእስያ እግር ኳስ ዋንጫ በሦስት የሳዑዲ ዓረቢያ ከተሞች ይካሄዳል፦ በሪያድ፣ በጅዳና በኾባር። የኾባር ጨዋታዎች የሚስተናገዱት በአዲሱ የአራምኮ ስታዲየም ሲሆን፣ ሜዳው 47 ሺሕ ያህል ተመልካች እንዲይዝ ተደርጎ የተነደፈ ነው። ይኸው ስታዲየም ለ2034ቱ የዓለም ዋንጫ ከታጩት 15 ሜዳዎች አንዱ ነው። ስለ ሕንፃው ውበትና ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተነገረለት ጉዳይ ያ ሁሉ ሕዝብ በየትኛው በር፣ በስንት ደቂቃ ገብቶ ይቀመጣል የሚለው ነው።

ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። በምሥራቃዊ ግዛት የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በስታዲየሙ ዙሪያ በሁለት ወገን ይገኛሉ። ከፊሎቹ ከሥራ ወጥተው ኳስ ለማየት የሚሰለፉ ተመልካቾች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በምግብ አቅርቦትና በአስተናባሪነት የጨዋታውን ቀን የሚያገለግሉ ሠራተኞች ናቸው። በር ላይ ችግር ሲፈጠር ሁለቱም ወገኖች እዚያው ናቸው።

ሁለት ክለቦች፣ አንድ መንገድ

የዳማሙ አል-ኢትፋቅ በ1945፣ የኾባሩ አል-ቃድሲያ ደግሞ በ1967 ተመሠረቱ። አል-ኢትፋቅ በ1983 ያለ ምንም ሽንፈት የሊግ ሻምፒዮን የሆነ፣ አል-ቃድሲያም በ1994 የእስያ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን የሪያድና የጅዳ ታላላቅ ክለቦች ጥላ ሸፍኗቸው ቆይቷል። ከ2023 ወዲህ ሁኔታው ተቀይሯል። በዚያ ዓመት ስቲቨን ጄራርድ የአል-ኢትፋቅ አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ፤ አራምኮ ደግሞ አል-ቃድሲያን በባለቤትነት ያዘ። አል-ቃድሲያ በ2024 ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ፤ በ2025ም ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። እነ ክርስቲያኖ ሮናልዶና እነ ካሪም ቤንዜማ የሚጫወቱበት ሊግ ወደ ዳማም ሲመጣ፣ በሩ ላይ የሚቆመው ሕዝብ ቀድሞ በአካባቢ ጨዋታ ይታይ እንደነበረው አይሆንም።

የሜዳዎቹ መጠን ግን ያው ነው። በዳማም የሚገኘው የልዑል ሙሐመድ ቢን ፈህድ ስታዲየም ከ20 ሺሕ በላይ፣ የአል-ኢትፋቅ ክለብ ስታዲየም ደግሞ 15 ሺሕ ያህል ተመልካች ይይዛሉ። ሁለቱም እንግዳው ቡድን አል-ሂላል ወይም አል-ነስር በሚሆንበት ምሽት ሌላ መልክ ይኖራቸዋል። እነዚህ ክለቦች በምሥራቃዊ ግዛት ራሱ የሚኖሩ ብዙ ደጋፊዎች ስላሏቸው፣ «እንግዳው» ደጋፊ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ከተማ ነዋሪ ነው።

በዚህ ላይ የአካባቢው ጠባይ ይጨመራል። በሪያድ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የከተማ ሜትሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ ዳማምና ኾባር ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ባቡር የላቸውም። ተመልካቹ በአብዛኛው በመኪና ስለሚመጣ መጨናነቁ የሚጀምረው ከስታዲየሙ በር ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያው ነው። ወቅቱ ሞቃት ሲሆን ጨዋታው ወደ ምሽት ይገፋል፤ የመግሪብና የዒሻ ሶላት ሰዓትም ሰው ከቤቱ የሚነሣበትን ጊዜ ይወስናል። የሥራ ፈረቃው አመሻሽ ላይ የሚያበቃ ሠራተኛ ከኢንዱስትሪ ሰፈር ተነሥቶ፣ ልብሱን ለውጦ፣ መኪና ተጋርቶ ሲደርስ ለጨዋታው መጀመሪያ የቀረው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደ እርሱ ያሉ ሺዎችም በዚያው ግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ።

የበሩ ሒሳብ

በብሪታንያ «አረንጓዴው መመሪያ» እየተባለ የሚጠራውና በብዙ አገሮች እንደ መለኪያ የሚወሰደው የስታዲየም ደኅንነት ሰነድ፣ አንድ መግቢያ በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ያስገባል ተብሎ እንዳይሰላ ይደነግጋል። ይህ በደቂቃ 11 ሰው ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው ስድስት ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። በዚህ ስሌት 15 ሺሕ ተመልካች በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማስገባት 23 መግቢያዎች፣ 47 ሺሕ ለማስገባት ደግሞ 72 መግቢያዎች ያስፈልጋሉ።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከተሰለፉት መካከል ከአሥር አንዱ ብቻ እንከን ቢገጥመውስ? ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ ኔትወርኩ ደክሞ ትኬቱ አልከፈት ብሏል፣ ወይም በሌላ በር መግባት ሲገባው ወደዚህ መጥቷል እንበል። ነገሩን ለመፍታት አንዲት ደቂቃ ትጠፋለች። ዘጠኙ ሰዎች በየስድስት ሰከንዳቸው ያህል ሲያልፉ በድምሩ 49 ሰከንድ ይፈጃሉ፤ አሥረኛው ብቻውን 60 ሰከንድ ይወስዳል። ውጤቱም በሰዓት 660 ሰው ያስገባ የነበረው በር 330 ብቻ ማስገባቱ ነው። ከአሥር ሰው የአንዱ ችግር የበሩን አቅም በግማሽ ይቀንሰዋል።

ይህንኑ በጨዋታ ምሽት ላይ እንየው። ለምሳሌ ያህል 20 መግቢያዎች ክፍት ሆነው ሳለ 8 ሺሕ ሰው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ቢደርስ፣ በሮቹ በሙሉ አቅማቸው ሠርተው 6,600 ሰው ያስገባሉ፤ ፊሽካው ሲነፋ 1,400 ሰው ውጭ ይቀራል። አቅሙ በግማሽ ከወረደ ግን የሚገባው 3,300 ብቻ ይሆናል፤ 4,700 ሰው ከውጭ ሆኖ የመጀመሪያውን የጎል ጩኸት ይሰማል። ከኋላ ያለው ፊት ለፊት ያለውን ችግር አያይም፤ የሚያየው የማይንቀሳቀስ ጀርባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይገፋል። ግፊያ የሚወለደው እንዲህ ነው። ለግፊያው ክፉ ሰው አያስፈልገውም፤ ጥቂት መረጃ የጎደለውና ሰዓት ያለፈበት ሕዝብ ይበቃዋል።

የሕዝብ ብዛትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲቆም ግለሰቡ በገዛ እግሩ የመሄድ ነጻነቱን እያጣ ይመጣል፤ ብዛቱ ሲጨምርም እንደ ውኃ ሞገድ ወዲያና ወዲህ ይወሰዳል። በእንዲህ ያሉ አደጋዎች አብዛኛው ሰው የሚሞተው ተረግጦ እንደሆነ ይታሰባል። ሐኪሞች የሚያገኙት ግን ብዙውን ጊዜ ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨምቆ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲየም የደረሰው አደጋ የዚህ ሒሳብ መራራ ማስረጃ ነው። በሌፒንግስ ሌን በኩል ቆመው ለሚያዩ 10,100 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡት ተሽከርካሪ የብረት በሮች ሰባት ብቻ ነበሩ። በሰዓት 660 ሰው በሚለው መለኪያ ያንን ሕዝብ ለማስገባት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ስምንት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ፖሊስ የውጭውን ግፊያ ለማስታገሥ አንድ ትልቅ የመውጫ በር አስከፈተ፤ ሕዝቡም አስቀድሞ ወደ ሞላው የመሐል ክፍል ጎረፈ። 97 ሰዎች ሞቱ። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በደጋፊዎቹ ላይ ሲላከክ ቆየ፤ በ2016 የሟቾቹን አሟሟት የመረመረው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ደጋፊዎቹን ከጥፋት ነጻ አደረገ።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ምሳሌ የያውንዴው ነው። ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 በኦሌምቤ ስታዲየም ከካሜሩን ጋር ተጫውተው ነበር። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ካሜሩን ከኮሞሮስ ጋር በገጠመችበት ምሽት በደቡቡ መግቢያ በተፈጠረ ግፊያ ስምንት ሰዎች ሞቱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር በይፋ ተናግረዋል።

በዚያው ዓመት ሜይ 28 ቀን ፓሪስ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከ35 ደቂቃ በላይ ዘገየ። የመጀመሪያው ምክንያት «የሐሰት ትኬት ይዘው የመጡና የዘገዩ ደጋፊዎች» የሚል ነበር። በ2023 የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት ግን ዋናውን ኃላፊነት በአዘጋጁ አካል ላይ ጣለ፤ ሕዝቡ ከባቡር ጣቢያ ወደ ጠባብ የፍተሻ መተላለፊያ እንዲጎርፍ መደረጉንም ዘረዘረ።

ሦስቱ ክስተቶች በአገርም በዘመንም ይለያያሉ፤ ሆኖም አንድ ቃል ይናገራሉ። በር ላይ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚወቀሰው ሕዝቡ ነው፤ ምርመራው ሲጠናቀቅ የሚገኘው ግን ጠባብ በር፣ የተዘጋ በር ወይም ያልተነገረ መንገድ ነው።

መንግሥቱ ያለው ልምድ

ሳዑዲ ዓረቢያ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ከባዶ የምትነሣ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2006 በሚና በጀመራት ድልድይ መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ከ340 በላይ ሑጃጆች ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ አዲስ ድልድይ ተሠራ፤ የሚገባውና የሚወጣው ሰው እንዳይገናኝ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ተደረገ፤ ቡድኖችም በተመደበላቸው ሰዓት እንዲንቀሳቀሱ ሥርዓት ወጣ። በ2015 በሚና ጎዳና ላይ የደረሰውና ኢትዮጵያውያንም ያለቁበት አደጋ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ፤ አንድን መተላለፊያ ማስፋት ብቻውን አይበቃም፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ከሐጅ ልምድ ውስጥ ለስታዲየሞች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከኮንክሪቱ ይልቅ ቋንቋው ሳይሆን አይቀርም። የዐረፋ ኹጥባ ከ2018 ጀምሮ በቀጥታ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲተረጎም ቆይቷል፤ የቋንቋዎቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድም አማርኛ ከመካከላቸው ገብቷል። ለአንድ ቀን የሚመጣ እንግዳ በገዛ ቋንቋው መመሪያ እንዲሰማ ማድረግ በዚህ አገር የተሞከረና የሠራ ነገር ነው።

በስታዲየም በር ላይ ግን ምልክቱ በአብዛኛው በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፋል፤ የአስተናባሪው ትእዛዝም እንዲሁ። በምሥራቃዊ ግዛት ከሚኖረው የውጭ ሠራተኛ ብዙው ዓረብኛን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አልተማረም፤ ከአሠሪው ጋር ይግባባበታል፤ ጽሑፉን ግን አያነበውም። ቀደም ሲል ከአሥሩ አንዱ ያልነው፣ የበሩን አቅም በግማሽ የሚቀንሰው ሰው፣ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ሰውየው ሥርዓት የጠላ አይደለም። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን የበር ቁጥር የሚያነብለት ሰው ያጣ ነው።

ለውጥ የሚቻል መሆኑን ዳማም ራሷ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2018 በጅዳ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ጨዋታ ለማየት ስታዲየም ሲገቡ፣ ከስድስት ቀን በኋላ ተራው የዳማም ሆነ። ለዚያ ሲባል በአጭር ጊዜ ውስጥ የቤተሰብ መግቢያዎች፣ መቀመጫዎችና መጸዳጃዎች ተዘጋጅተው ነበር። አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ወደ ስታዲየም እንደሚመጣ ሲታመን በሩ ይሰናዳለታል ማለት ነው። የውጭ ሠራተኛው መምጣቱም እንዲሁ ታምኖ ሊሰናዳለት ይገባል።

ከፊሽካው በፊት ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መፍትሔ ችግር ያለበትን ሰው ከተሽከርካሪው በር ላይ ማንሣት ነው። ከበሩ 50 ወይም 100 ሜትር ቀደም ብሎ አንድ የእርዳታ ነጥብ ቢኖር፣ ስልኩ የጠፋበትም በር የተሳሳተውም እዚያ ይስተናገዳል፤ ሰልፉ ግን አይቆምም። በዚያ ነጥብ የሚቆሙት አስተናባሪዎች ዓረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ኡርዱ፣ ቤንጋሊ፣ አማርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ቢችሉ የአንድ ደቂቃው ሥራ በአሥር ሰከንድ ያልቃል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ በዳማምና በኾባር ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚናገሩ ነዋሪዎች ሞልተዋል። ለሥራው የሚቀጠረው ሰው ግን ፊሽካና ቢጫ ሰደርያ ብቻ ተሰጥቶት መቆም የለበትም። የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት፣ ግፊያ ሲበረታ ለማን በሬዲዮ እንደሚያሳውቅ፣ ሕዝብን ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ በየት በኩል እንደሚመልስ ሊሠለጥን ይገባዋል።

ሁለተኛው የጨዋታውን መጀመሪያ የማዘግየት ሥልጣን ነው። ውጭ ሺዎች ቀርተው ፊሽካ ሲነፋ ግፊያው ይብሳል፤ «አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቷል፤ ሁላችሁም ትገባላችሁ» የሚል ማስታወቂያ በጊዜ ሲነገር ግን እግሮች ይረጋሉ። የቴሌቪዥን ሰዓት ከሰው ትንፋሽ እንደማይበልጥ አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።

ሦስተኛው የተመልካቹ ድርሻ ነው። ትኬት ዛሬ የሚገዛው እንደ ዌቡክ ባሉ መተግበሪያዎች ነው። አንድ ሰው በስልኩ ለአራት ጓደኞቹ ገዝቶ እርሱ ቀድሞ ሲገባ አራቱ በር ላይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትኬት ወደ ባለቤቱ ስልክ አስቀድሞ ሊተላለፍ ይገባል። ስልኩን መሙላት፣ የትኬቱን ገጽ ከሰልፉ በፊት ከፍቶ ማዘጋጀት፣ ኢቃማን በእጅ መያዝ፣ ትልቅ ሻንጣ አለመያዝና ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ቀላል የሚመስሉ፣ በሒሳቡ ግን ትልቅ ዋጋ ያላቸው ልማዶች ናቸው።

ጥቂት የዓረብኛ ቃላትን በጽሑፍ ጭምር ማወቅም ይጠቅማል። «በዋባ» በር ነው፤ በትኬቱ ላይ ከቁጥር ጋር የሚጻፈው እርሱ ነው። «ሙደረጅ» የመቀመጫው ክፍል ነው፤ ከአማርኛው «ደረጃ» ጋር ስለሚመሳሰል አይረሳም። «ሰፍ» ረድፍ፣ «መቅዐድ» መቀመጫ፣ «ዱኹል» መግቢያ፣ «ኹሩጅ» መውጫ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች ካታንጋን ከጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራን ከከማን አንሼ ያለ ማንም መሪ ይለያል፤ በሩን የሚያውቀው በስሙ ነውና። በእንግዳ አገር ያንን እውቀት የሚተካው በትኬቱ ላይ ያለው ቁጥርና እነዚህ ስድስት ቃላት ናቸው።

ምንም ጥንቃቄ ቢደረግ ግፊያ ውስጥ የገባ ሰው ሁለት ነገር ያስታውስ። እጆቹን አጥፎ ከደረቱ ፊት በማድረግ ለሳንባው ቦታ ይጠብቅ። ከሕዝቡ ኃይል ጋር ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅም ሞገዱ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ዳር ይንቀሳቀስ። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት ማጎንበስ የለበትም፤ ስልክ ይተካል።

ልምምዱ አሁን ነው

አዲሱ የኾባር ስታዲየም ከአል-ኢትፋቅ ሜዳ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ይይዛል። ሰፋፊ በሮች፣ ዘመናዊ ካሜራዎችና ፈጣን የትኬት ማንበቢያዎች እንደሚኖሩት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰዓት ያለፈበትን ሠራተኛ፣ የተዘጋ ስልክንና ያልተነበበ ምልክትን አዲስ ሕንፃ ብቻውን አይፈታቸውም። እነዚህ የሚፈቱት በልምምድ ነው፤ ለልምምዱ ደግሞ ከእስያ ዋንጫ በፊት የሚቀሩት የሊጉ ምሽቶች ምቹ ጊዜ ናቸው። በዳማም በ15 ሺሕ ሰው ላይ የተፈተነ የእርዳታ ነጥብ፣ በየቋንቋው የተነገረ ማስታወቂያ፣ በጊዜ የተወሰነ መዘግየት በኾባር በ47 ሺሕ ሰው ፊት እንግዳ ነገር አይሆንም።

በ2027 ጃንዋሪ ከኮሪያ፣ ከጃፓን፣ ከኢራቅ ወይም ከኡዝቤኪስታን የሚመጣው ደጋፊም ዓረብኛውን እንደማያነበው የሀበሻ ሠራተኛ ወይም ከዚያ ባሰ ለቦታው እንግዳ ነው። ዛሬ ለአካባቢው የውጭ ሠራተኛ የተዘጋጀ በር ያን ጊዜ ለመላው እስያ ያገለግላል።